ሁለተኛዋ ጥቅሻ

ድካም ኪራይ የሚከፍል ነገር ቢሆን ኖሮ አንቴና ገና ድሮ ሀብታም በሆነ ነበር፤ እሱ ዘንድ ጓዙን ጠቅልሎ ከገባ ዓመታት አልፈዋል።

አንቴና እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው ያወጡለት፤ ረጅም ስለሆነ፣ ቀጭን ስለሆነ፣ ደግሞም ዝናብ ዘነበ ፀሐይ ወጣ ከቆመበት ስለማይነቃነቅ። የሬዲዮ ማሰራጫ ጣቢያ ቴክኒሻን ነው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ከሣር በቀር ምንም በማይበቅልበት ሜዳ ላይ ተተክሏል፦ አንድ ሰማይ ጠቀስ ምሰሶ፣ ከምሰሶው ሥር ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የማሽን ቤት። እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ ዜና አንባቢዎቹን ማየት ይፈልጋል። ዜና አንባቢዎቹ ከተማ መሃል፣ ምንጣፍ ላይ ናቸው። እዚህ ያለው ማሽኑ፣ የማሽኑ ሙቀትና አንቴና ብቻ ነው።

ማሽኑ በረጅም ሞገድ የሚያሰራጭ፣ ዕድሜው ከተረኞቹ የሚበልጥ አሮጌ ነው። በአንድ ጊዜ ጥርቅም አድርገው ካጠፉት በውስጡ ያሉት ትልልቅ የመስታወት አምፖሎች ይቃጠላሉ። ስለዚህ ምሽት ላይ ስርጭቱ ሲዘጋ ኃይሉ በመዘውር ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ጥቅሻ የተወለደችውም ከዚሁ መዘውር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመዝጊያው ሙዚቃ ሲጀምር ተረኛው ቴክኒሻን መዘውሩን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ያዞርና መልሶ ወደ ላይ ያመጣዋል። ሙዚቃው ይሰጥማል፣ ተመልሶም ብቅ ይላል። ተራው አድማጭ ምንም አይመስለውም፤ ቢበዛ ሬዲዮኑን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። በተረኛው ቤት ግን ሚስት "ጠቀሰ! ራት አሙቁ" ትላለች። ይህን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። በደንቡ ክልክል ነው። አለቃውም ክልክል መሆኑን በየስብሰባው ይናገራል፤ ይሁን እንጂ እሱ ራሱ ተረኛ በነበረበት ዘመን ጠቅሶ ያገባት ሚስት ስላለችው አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

አንቴና ሚስት የለውም። ነበረችው፣ ሄደች፣ ይኸው ነው። እሱ የሚጠቅሰው ለታላቅ እህቱ ነው። እህቱ የግድብ ጠባቂ ናት። ከከተማው የአንድ ሙሉ ቀን የአውቶብስ መንገድ ርቆ፣ ስልክ በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ፣ ውሃው ሲሞላ በሩን ትከፍታለች፣ ሲጎድል ትዘጋለች። ካለፈው የሙቀት ወራት መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ እናታቸው እሷ ዘንድ ናት። እናትየው ወገቧ ጎብጧል፤ አንደበቷ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ደረቷን ያማታል፤ ብቻዋን መኖር አትችልም።

የተስማሙት እናታቸውን ግድቡ ዳር ባደረሱ ቀን ነው።

"ሙቀቱን እኔ፣ ብርዱን አንተ" አለች እህቱ። "ቀኑ ሲያጥር እዚህ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ደረቷ አይችለውም።"

"እሺ እታለም።"

"እሺ ማለትማ ይቀናሃል።"

"ብርዱ ሲጀምር መጥቼ እወስዳታለሁ አልኩሽ እኮ!"

"መምጣትህን በምን አውቃለሁ? እዚህ ስልክ የለ፣ ምን የለ።"

አንቴና አሰበና መፍትሔ ያገኘ መሰለው። "ሐሙስ ሐሙስ መዝጊያው የኔ ተራ ነው። አንድ ጊዜ ከጠቀስኩ ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከጠቀስኩ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እማዬን ይዘሽ መንገድ ዳር ጠብቂኝ ማለት ነው።"

እናትየው ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። "በስተርጅናዬ ወንድ ጠቀሰኝ በሉኛ!"

የሙቀቱ ወራት በሰላም አለፈ። ያን ጊዜ ቀኑ ረጅም ስለነበር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስርጭቱ ሲዘጋ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እርግጥ ሙቀት ሲሆን ነጎድጓድ ይበዛል፤ የሩቅ አገር መብረቅ ሳይቀር ረጅም ሞገድ ላይ ይንጫጫል። በግድቡ ዳር የምትሰማዋ ሬዲዮ ውስጧ ቆሎ የሚቆላባት ትመስል ነበር። ከጫጫታው በታች ግን ሙዚቃው ንቅንቅ አይልም። አንቴና ሐሙስ ሐሙስ አንዴ ይጠቅሳል፤ ሙዚቃው አንዴ ይሰጥማል፤ እናትየው "ተመስገን፣ ደህና ነው" ብላ ትተኛለች።

ከዚያ ቀኑ ማጠር ጀመረ።

ብርዱ በገባ ሰሞን የአንቴና የሥራ ጓደኛ ጡረታ ወጣ። በምትኩ የተቀጠረ ሰው የለም፤ የእሱም ተራ አንቴና ትከሻ ላይ ወደቀ። አንቴና አለቃውን ፈቃድ ጠየቀ። አለቃው "ሰው እስኪገኝ ታገስ" አለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ አንቴና ይህን ሲሰማ አንዳች ነገር ከላዩ ቀለለው። እናቱን አይወድም ማለት አይደለም፤ ይወዳታል። ነገር ግን ከማሽኑ ቤት ወጥቶ፣ ጆሮው እየጮኸ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍሉን አስታወሰ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ። እዚያ ደግሞ ሌላ ተራ ሊጀምር ነው፤ ሾርባ ማሞቅ፣ ማጠብ፣ ሌሊቱን ሳል ሲያዳምጡ ማደር። "በሚቀጥለው ሳምንት" አለ ለራሱ። የሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣም ያንኑ አለ። ዛሬ ነገ ማለት እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ሰውየው ጉልበቱ ድረስ የገባ ሲመስለው አንገቱ ደርሷል።

ሐሙስ ሐሙስ ግን አንዷን ጥቅሻ አልተዋትም። ደህና ነኝ። እሷን ማለት አላቃተውም።

አሁን በሚመጣው ነገር የማያውቅ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። አንቴና ግን ያውቅ ነበር፤ እንጀራው ነው። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ከእህቱ ሸለቆ አካባቢ ካሉ አድማጮች ቅሬታ ይመጣል፦ "ምሽት ላይ ድምፃችሁ ይሰምጣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሰምጣል፤ ማሽናችሁ ታሟል ወይ?" ይላሉ። መልሱን የሚጽፈው ራሱ አንቴና ነው፤ ከመልመዱ የተነሣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጽፈዋል። ቀን ቀን ሞገዱ የሚሄደው መሬት ለመሬት ነው። ወደ ላይ የሚወጣውን ድርሻ ፀሐይ ያነቃችው የሰማይ ንጣፍ ውጦ ያስቀረዋል። ጀምበር ስትጠልቅ ያ የሚውጠው ንጣፍ ይሳሳል፤ ሞገዱም ከፍ ብሎ ይወጣና ከላይ ተገፍቶ ወደ ምድር ይመለሳል። እንግዲህ አንዱ ድምፅ በሁለት መንገድ ደረሰ ማለት ነው። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይባላል። ሞገድ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ሁለቱ ባላዎች እኩል ጉልበት ኖሯቸው እርስ በርስ የሚጣሉበት ርቀት አለ፤ እዚያ የሚኖር ሰው ቀን ጥርት አድርጎ የሰማውን ሬዲዮ ማታ ያጣዋል። ቀኑ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ይህ ጠብ የሚጀምርበት ሰዓት እየቀደመ ይመጣና መዝጊያው ሙዚቃ ላይ ይደርሳል። አንቴና ደብዳቤውን ሁልጊዜ የሚጨርሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ስለዚህ ጥፋቱ የኛ አይደለም።"

ዘንድሮም ጻፈ፣ ፈረመ፣ ላከ። እህቱ የምትኖረው እዚያው ቅሬታ የሚመጣበት አገር መሆኑ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለውም። ድካም እንዲህ ነው፤ የሚያውቁትን አያስረሳም፣ የሚያውቁትን ከሚወዱት ጋር ማገናኘት ነው የሚያስረሳው።

አንድ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ከሥራ ገብቶ፣ ከነጫማው አልጋው ላይ እንደተዘረረ፣ በሩ ተንኳኳ። ተነስቶ ቢከፍት እህቱ ናት። ካፖርቷ ላይ የመንገድ አቧራ፣ እጇ ላይ የእናቱ አሮጌ ሻንጣ አለ። ፊቷ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ይመስላል።

"እታለም! ምን ሆናችሁ? እማዬስ?"

"ከታች ናት። ባለሱቁ ወንበር ሰጥቷት በሩ ላይ ተቀምጣለች። ደረጃውን አልቻለችም።"

"ምነው ሳትነግሪኝ እንዲህ በድንገት…"

"እኔ ነኝ ሳልነግርህ?" ድምፅዋ በደረጃው ላይ አስተጋባ። ጎረቤት እንዳይሰማ ዝቅ አደረገችው፤ ዝቅ ሲል ግን ይበልጥ ከረረ። "አንተ ነህ እንጂ በየሐሙሱ እመጣለሁ ስትል የከረምከው!"

"ምን አልኩ?"

"ሁለት ጊዜ ጠቅሰህ የለ? ቅዳሜ ደግሞ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ግማሹን ደግፌ ግማሹን አዝዬ፣ እስከ መንገዱ አወርዳታለሁ። ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረው አውቶብስ በማለዳ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ አንተ የለህም። መልሼ አወጣታለሁ። በሌላው ሐሙስ ደግሞ ትጠቅሳለህ። እኔ ልተው ስላት እሷ እሺ አትልም፤ 'ልጄ መጥቶ ቢያጣኝስ?' ትላለች። ሹፌሩ እንኳ አሁን አሁን ሲያየን ያፍራል። ሳሏ ብሶባታል። ዛሬ ያንን ዳገት መልሼ መውጣት አቃተኝና በመመለሻው ተሳፈርኩ። ይኸው።"

"እታለም፣ እኔ እኮ የጠቀስኩት አንድ ጊዜ ነው።"

"አሁን ደግሞ ደንቆሮ አደረግኸኝ?"

"ሁልጊዜ አንድ! አንድም ሐሙስ ሁለት…" አለ አንቴና።

ያን ጊዜ ገባው። በጨለማው መስኮት በኩል ጠልቃ የቆየችውን ጀምበር ያየ መሰለው። ወጥቶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እህቱም ቆማ መቅረት ደክሟት አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። አብራራላት። ድምፁ በሁለት መንገድ እንደሚደርሳቸው፣ በሙቀቱ ወራት መዝጊያው በፀሐይ ስለነበር አንዱ መንገድ ብቻ ክፍት እንደነበረ፣ አሁን ግን ከጨለመ በኋላ እንደሆነ ነገራት።

"ሁለት ሰው አልጋ ተሸክሞ እንዲህ ያለ ደረጃ ሲወጣ አይተሽ የለ? እርምጃቸው ከገጠመ ይቀላል። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ዝቅ ካደረገ ግን አልጋው ባለበት ይቀራል። ድምፁም እንደዚያ ነው። እናንተ ጋ ሲደርስ ሁለቱ አይገጥሙም፣ ይሰጥማል። ትንሽ ቆይቶ ይገጥማሉ፣ ይመለሳል። አንዷ የኔ ናት፣ ሁለተኛዋ የሰማዩ ናት። ጫጫታ ደግሞ በብርድ ስለሌለ ጥርት ብላ ትደርሳችኋለች።"

ሲናገር ንቃት ንቃት አለው። የዋሸ ሰው ላለመሆኑ ማስረጃ አግኝቷል፤ ያውም ሰማይ የሚመሰክርለት ማስረጃ። "ስለዚህ ጥፋቱ የኔ አይደለም" ብሎ ጨረሰ።

እህቱ ሻንጣውን እግሯ ሥር አስቀመጠች።

"ቆይ እስቲ" አለች። "ሁለተኛዋ የሰማይ ከሆነች፣ አንተ እመጣለሁ ብለህ አታውቅማ።"

አንቴና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረ።

"አንድም ሐሙስ?"

"ፈቃድ ከለከሉኝ፣ እታለም። ጓደኛዬ ጡረታ ወጣ፣ ሰው የለም፣ የሱንም ተራ እኔው ነኝ…"

"ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።" አልተቆጣችም፤ ይህን ያለችው ሰዓት እንደምትነግረው ሁሉ ቀዝቀዝ ብላ ነው። "እኔ እኮ እዚህ ድረስ እየተናደድኩ ነው የመጣሁት። ሊመጣ ተነስቶ አለቃው መለሰው፣ አውቶብሱ አመለጠው፣ እያልኩ በልቤ ስከራከርልህ ነበር። ንዴቱ ይሻለኝ ነበር።"

ሻንጣውን አንስታ ቆመች።

"የሰማይ ነበረች ብለህ ለእማዬም ንገራት፤ ወይም አትንገራት። እኔ ደክሞኛል።"

ወረዱ። አንቴና የአራቱ ፎቅ ደረጃ እንዲህ ረዝሞበት አያውቅም። እናቱን ምን እንደሚላት አያውቅም። እውነቱን ቢነግራት፣ በዚያ ብርድ መንገድ ዳር የጠበቀችው ልጅ እንዳልነበረ ይነግራታል። ባይነግራት ደግሞ በየሳምንቱ ቃሉን የበላ ልጅ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ አመዛዝኖ ሳይጨርስ ሱቁ በር ደረሰ።

እናቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ የባለሱቁ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታስላለች። ከሙቀቱ ወራት ጋር ሲተያይ ግማሿ የቀረ ይመስላል። ስታየው ፊቷ ፈካ።

"መጣህ?" አለችው፣ መንገዱን ሁሉ የተጓዘው እሱ ይመስል።

"መጣሁ እማዬ።"

"ቀጥነሃል። የባሰ አትቀጥን ብዬህ አልነበር?"

ባለሱቁን አመስግኖ ጀርባውን ሰጣትና አዘላት። ምንም አትከብድም፤ አለመክበዷ ነው የከበደው። ደረጃውን ጀመሩ። እህቱ ሻንጣውን ይዛ ከኋላ ትከተላለች። እናቱ አገጯን ትከሻው ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿ ሲመለስላት ጆሮው ሥር ታወራለች።

"እህትህ ተቆጥታሃለች አይደል? ተዋት። እሷ ጥቅሻ አታውቅም፤ እኔ ግን እጅህን አውቀዋለሁ። የፊተኛዋ ጥቅሻህ ቀጥ ያለች ናት፣ ወረድ፣ መለስ። ሁለተኛዋ ግን አትሆንልህም። ትዘገያለች። ትንቀጠቀጣለች። አንዳንዴማ ሳትመለስ የምትቀር ይመስለኝና ሬዲዮኑን በሁለት እጄ እይዘዋለሁ።"

ሳል አቋረጣት። አንቴና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

"ምን አልኳት መሰለህ ለእህትህ? ልጄ ደክሞታል አልኳት። አንዷን ጠቅሶ ሁለተኛዋ ላይ ጉልበት እያጠረው ነው፤ ግን ይኸው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እመጣለሁ ይላል። የደከመው ሰው ቢቀር ምን ይደረጋል? ማለቱ አይበቃም? አልኳት።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ደክሞህ አይደል፣ የኔ አባት?"

አንቴና ከቆመበት አልተነቃነቀም። ከኋላው የእህቱ እርምጃም ቆመ። በየዓመቱ የሚጽፋት ያቺ ዓረፍተ ነገር አፉ ውስጥ ተዘጋጅታ ነበር፤ ከነፊርማዋ። ዋጣት።

"አዎ እማዬ" አላት። "ደክሞኝ ነው።"

"አውቄአለሁ" አለችና ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። "በል ቀስ እያልክ ውጣ፤ አንጣደፍ።"

ቀስ እያለ ሦስተኛውን ፎቅ ጀመረ። ከኋላው እህቱ ሻንጣውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፤ ነፃ በሆነው እጇም ከታች የእናቷን እግር ደገፈችለትና እርምጃዋን ከእርምጃው ጋር እያስተካከለች ወጣች።